«ወረወረች» ያልኩ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ሳምንት የፍርድ ቤቱ ባልደረቦቼ በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሸኙኝ። ለስላሳና ድፎ ዳቦ ቀርቦ ነበር፤ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። የሥራ ሂደቱ ኃላፊ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት፣ ተነሥቶ ስለ እኔ ተናገረ። በሦስት ቋንቋ ሳስተረጉም መኖሬን ካነሣ በኋላ፣ ወይዘሮ ማርታ ማለት የገዛ ስህተቷን ይግባኝ ሰሚ ችሎት ፊት ቆማ የመሰከረች፣ አንዲት እናትንም ከእስር ያስፈታች ሴት ናት አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ተናገሪ ሲሉኝም አመስግኜ ተቀመጥኩ።

ያቺ እናት አዳራሹ ውስጥ ብትኖር ኖሮ ማንም አያጨበጭብም ነበር። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እየጣፈጠ ሄዶ የእኔ መልካም ሥራ ሆኖ ቀርቷል። በዚያ ጭብጨባ ካፈርኩት ማፈር የተነሣ ነው እንደሆነው ልጽፈው የተነሣሁት።

የተወለድኩት አንጋጫ አጠገብ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ ነው። እቤት የምንናገረው ከምባቲሳ ነበር። አማርኛን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማርኩ። ለሁለተኛ ደረጃ ሆሳዕና ስሄድ ያረፍኩት አክስቴ ዘንድ ሲሆን ባሏ ሀዲያ ስለነበሩ ሀዲይሳን ከእነሱ ቤት ለቀምኩ። ከዚያ የመምህርነት ኮርስ ወስጄ አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። መንግሥት ተለውጦ የታችኞቹ ክፍሎች በአካባቢው ቋንቋ ይማሩ ሲባል በትምህርት ቤታችን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ቀነሰ፤ እኔም ትርፍ ከተባሉት መምህራን አንዷ ሆንኩ። በዚያው ሰሞን ፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁና ተወዳድሬ ገባሁ። ደመወዙ ከመምህርነቱ ብዙም አይለይም። ሥራው ግን ቀላል መሰለኝ። ሦስቱንም ቋንቋ እችላለሁ፤ ሰው ያለውን ሰምቶ መልሶ መናገር ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር።

ሆሳዕና ላይ የተመደብኩት ከአቶ ኤርጃቦ ሥር ነው። ጋሽ ኤርጃቦ ከደርግ በፊት ጀምሮ ያስተረጎሙ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ የሀዲያ ሰው ነበሩ። ችሎት ከመግባታቸው በፊት ለብ ያለ ውኃ ይጠጣሉ። ከምስክሩ ጎን ሳይሆን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማሉ፤ ምስክሩ ዳኛውን እንጂ አስተርጓሚውን እያየ መናገር የለበትም ይላሉ። ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምስክሩ ሲያበቃ የመጨረሻዋን ቃል በከንፈራቸው ብቻ ይደግሟታል፤ ከዚያ ነው ወደ አማርኛው የሚሄዱት። ከግሱ ጅራት ላይ ዓይንሽን አታንሺ ይሉኝ ነበር። በእኛም ቋንቋ በአማርኛም ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ አንድ ይሁን ብዙ ያለው እዚያች ጫፍ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያስለመዱኝ «እኔ» ማለትን ነው። ምስክሩ «እኔ» ካለ አስተርጓሚው «እሱ እንዲህ ይላል» አይልም፤ «እኔ» ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተከሳሽ የሰጠውን ቃል ስተረጉም ቀጥ ብዬ ቆሜ «ሚስቴን በጥፊ መታኋት» አልኩ። ሴት ሆኜ እንዲያ ስል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ኤርጃቦ ሲወጡ፣ ሳቁ ያልፋል፣ ስህተት ከገባ ግን መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል፣ ስለዚህ ለሳቅ ብለሽ ቃል እንዳትለውጪ አሉኝ።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ አክብሮት ነበር። አንድ ሰው አማቱ አጥሩን እንደነቀሉበት ሲመሰክር በአክብሮት ስለጠራቸው እኔም በአክብሮት፣ «መጡ፤ አጥሩን ነቀሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ዳኛው ስንት ሰው ነበር ሲሉ ጠየቁ። እኔ አንድ ሽማግሌ ማለቴ ነው፤ የአማርኛው አንቱታ ግን የአንድ ሰውም የብዙ ሰውም መልክ አለው። ከምባቲሳ ለአክብሮት ራሱን የቻለ አነጋገር ስላለው ከብዙ ቁጥር ጋር አይምታታም። ጋሽ ኤርጃቦ ያን ቀን፣ እዚህ ችሎት ውስጥ ሦስተኛውን ሰው አንቱ አትበዪ፣ አክብሮትሽን ከበር ውጪ አስቀምጠሽ ግቢ አሉኝ። ያባቴን እኩያ «እሱ ነቀለ» ማለት አፌ ላይ እስኪለምድ ወራት ፈጀብኝ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከጃጁራ በመጣ የውርስ ክርክር ላይ «ልጁ ወደ ቤት ገባ» አልኩ። ክርክሩ በሙሉ የገባው የሟቹ ልጅ ነው ወይስ የጎረቤት ልጅ ነው በሚለው ላይ ሆኖ ሳለ የእኔ «ልጁ» ሁለቱንም ይሆናል። ያን ጊዜ ጋሽ ኤርጃቦ ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ አስተርጓሚዋ ታብራራ ብለው ፍርድ ቤቱን ጠየቁ። «የሟቹ የራሱ ልጅ» ስል ነገሩ ጠራ።

ከዳምቦያ በኩል በመጣች ሙሽራ ጉዳይ ያደረጉትንም አልረሳውም። በእኛ አካባቢ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። በዚያ ስም መነሻ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትንም ትሸሻለች፤ በምትካቸው ሌላ ቃል ትናገራለች። ባሊሻ ይባላል። ሙሽራይቱ ቃል እየዘለለችና እየለዋወጠች ስትናገር ዳኛው የምትደብቀው ነገር ያለ መሰላቸው። ጋሽ ኤርጃቦ ልማዱን ለፍርድ ቤቱ አስረዱ። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ሳትፈራ ተናገረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወስዱኝ ነበር። ጨው ወይም ቡላ የሚገዙ መስለው ከሴቶች አጠገብ ይቆሙና፣ ያቺ አሁን ምን አለች፣ በአማርኛ ንገሪኝ ይሉኛል። ከምባቲሳ ተናጋሪ ካገኙ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። በእናቴ ቋንቋ «ሄደች» እና «ሄዱ» አንድ ቃል ነው። «ሸጠች» እና «ሸጡ»ም እንደዚያው። ሰው አድራጊውን ካልጠራ በቀር አንዲት ሴት ትሁን ብዙ ሰዎች ይሁኑ ከግሱ አይታወቅም። እቤት ውስጥ ማንም በዚህ ተቸግሮ አያውቅም፤ ስለ ማን እንደሚወራ ሁላችንም እናውቃለንና። ፍርድ ቤት ግን ቤት አይደለም። እሷ ናት ወይስ እነሱ ናቸው ይሉኛል ጋሽ ኤርጃቦ። አላውቅም ካልኩ፣ ካላወቅሽ ለዳኛው አሳውቀሽ ምስክሩን ጠይቂ፣ ሳትጠይቂ አፍሽን አትክፈቺ ይላሉ። እሳቸው ሲጠይቁ የሚቆጡ ዳኞች ነበሩ። ቁጣው እስኪበርድ ራሳቸውን ደፍተው ይቆሙና ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ይደግሙታል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አላውቅም ነበር እንዳልል ነው።

ጋሽ ኤርጃቦ ጡረታ ሲወጡ እኔ በከምባታ በኩል ወደምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ተዛወርኩ። የከተማይቱን ስም አልጠራም። ፍርድ ቤቱ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ አስተርጓሚ እኔ ብቻ። ዳኛው ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ሕግ ከተመረቀ ብዙ ያልቆየ፣ ጉቦ የማይነካ ወጣት ነው። መዝገብ ተከምሮበት ስለነበር ይቸኩላል። አንድ ቀን አንዱን ምስክር ማን ማለቱ እንደሆነ ደጋግሜ ስጠይቅ እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «አስተርጓሚ፣ እሱ ያለውን ብቻ ንገሪኝ። መርማሪ አይደለሽም» አለኝ። ታዳሚው ሳቀ። ከፊት ከተቀመጡት ውስጥ አስተምሬያቸው የማውቃቸው ልጆች ነበሩ። ጋሽ ኤርጃቦ ቢሆኑ ራሳቸውን ደፍተው ይጠብቁ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዎቼን መቀነስ ጀመርኩ።

የአመነች ጉዳይ የቀረበው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አመነች ባሏ የሞተባት፣ ጡት የምትጠባ ልጅ ያዘለች ወጣት ገበሬ ነበረች። ከባሏ ወንድም ጋር በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣልታለች። በጠቡ ቀን ሁለት ወጣት የእህቷ ልጆች አብረዋት ነበሩ። ድንጋይ ተወርውሮ የባሏ ወንድም አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። ልጆቹ በዚያው ከአካባቢው ጠፉ። ሰውየው ክሱ በእሷ ላይ እንዲሆን አደረገ። ራሱ ሲመሰክር ግን ጎንበስ ብሎ ስለነበር የወረወረውን እንዳላየ ተናገረ። ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባ ሎንሴ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤት።

አመነች አማርኛ አትሰማም። ወንጀሉን ፈጽመሻል ወይ ስትባል አልፈጸምኩም አለች። ስትናገር አላለቀሰችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። እውነቱን ለመናገር ያ ቀና ማለቷ አላማረኝም። የሰው ዓይን አጥፍታ እንዲህ ትቆማለች እንዴ ብዬ በልቤ ፈረድኩባት።

አባ ሎንሴ ምለው ቀረቡ። አመነች ከእህቷ ልጆች ጋር እንደመጣች፣ ከባሏ ወንድም ጋር እንደተጨቃጨቁ ተናገሩ። ቀጥለው ድንጋይ ስለመወርወሩ የተናገሩት በአንድ ግስ ነው። ያቺ ግስ «ወረወረች» ትሆናለች፤ «ወረወሩ»ም ትሆናለች። ቀጣይዋ፣ ዓይኑን ስለመምታት የምትናገረውም እንደዚያው ናት።

ቆም አልኩ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጥያቄው ምላሴ ላይ ነበር። ዳኛው ሰዓቱን አየ። እኔም «ድንጋይ ወረወረች፤ ዓይኑን መታችው» አልኩ።

ዳኛው ጻፈ። ከዚያ ለምስክሩ ጥያቄ ካላት እንድትጠይቅ ለአመነች እንድነግራት አዘዘኝ። ነገርኳት። አመነች አባ ሎንሴን አይታ፣ «ጥያቄ የለኝም። ያዩትን ነው የተናገሩት» አለች። ይህንንም ተረጎምኩ። ዳኛው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ይህንንም ጻፈው። አላደረግኩም ያለች ሴት መልሳ ምስክሩ ያየውን ነው የተናገረው ስትል አንድ ነገር እንደተበላሸ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እጅ የሰጠች መሰለኝ።

እሷ የሰማችው የሽማግሌውን ከምባቲሳ ነው። በእሷ ጆሮ ሰውየው «ወረወሩ» ብለዋል፤ የሆነውም እንደዚያ ነው። ምን ብላ ትቃወም?

ፍርዱ በተነበበ ዕለት ለእሷ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ጥፋተኛ ተብለሻል፣ ሁለት ዓመት ተፈርዶብሻል አልኳት። ልጇን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረች። ወርውረሻል ያለው ማነው አለችኝ። አባ ሎንሴ አንቺ ወረወርሽ ብለው መስክረዋል ልላት በራሳችን ቋንቋ አፌን ከፈትኩ። «አንቺ» ስል ግሱ የግድ ይለወጣል፤ «አንቺ ወረወርሽ» የሚለው ከ«እነሱ» ጋር አይምታታም። ቃሉን ከአፌ ሳወጣ ሽማግሌው እንደዚያ እንዳላሉ ገባኝ። አመነችም ገርሟት አየችኝ።

«እሳቸው እንደዚያ አላሉም» አለች። «አንቺም እዚሁ ነበርሽ።»

ዳኛው ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር። «ፍርዱን ትቃወማለች» አልኩ። ይግባኝ የማለት መብት እንዳላት ንገሪያት አለኝ፤ ነገርኳት። ፖሊሱ ይዟት ወጣ።

በማግስቱ ሆሳዕና ሄድኩ። ጋሽ ኤርጃቦ ከከተማው ዳር ባለው ጓሯቸው ጎመን እየኮተኮቱ አገኘኋቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ያሉትን እንዳለ በከምባቲሳ ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ስንት ሰው ነበር በዚያ በኩል?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«ታዲያ ለምን አንድ አደረግሻቸው?»

ዳኛው ተቆጥቶኝ ነበር ብል የልጅ ምክንያት ይሆንብኛል። አልተቆጡኝም። እጃቸውን ታጥበው ገቡና ምሳ አቀረቡልኝ፤ እኔ መብላት አልቻልኩም። ሲሸኙኝ ለዳኛው ዛሬ ሳይሆን አሁን ተናገሪ አሉኝ። እሳቸው ይህን ሲሉ ግን ቅዳሜ ነበር፤ እስከ ሰኞ መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። ሰኞ ዳኛው ቢሮ ገብቼ ተናገርኩ። ፊቱ ተለወጠ። ለምን አልጠየቅሽም አለኝ። ቀጥሎም፣ የፈረድኩትን እኔ ራሴ ልሽረው አልችልም፤ ይግባኝ ትበል፤ አንቺም እዚያ ቀርበሽ ተናገሪ አለ።

ማመልከቻውን ከፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ አዘጋጀ። የጣት አሻራዋን ለማስነሣት ማረሚያ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። ከሽቦው ወዲያ ልጇን አዝላ መጣች። የጠፋውን ልነግራት ሞከርኩ። በአማርኛ ለአንዲት ሴት አንድ ቃል፣ ለብዙ ሰዎች ሌላ ቃል አለ አልኳት። በእኛ ግን አንድ ነው፤ ስለዚህ መምረጥ ነበረብኝ አልኳት።

ተረድታኛለች። ከጠበቅኩት በላይ ተረድታኛለች።

«ከሁለቱ ለእኔ የሚከፋውን መረጥሽልኝ» አለች።

ጣቷን ቀለሙ ላይ አደረገች፤ አሻራዋን ሰጠችኝና ተመለሰች።

ይግባኙ እስኪታይ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። በዚያ ጊዜ ሁሉ ችሎት ገብቼ ማስተርጎሜን አላቋረጥኩም፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ገበያ መሄድ ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ እቀመጣለሁ። የአመነች ትልልቆቹ ልጆች በዘመድ ቤት ተበታትነዋል ሲባል እሰማለሁ። አንደኛው ትምህርት ትቶ ከብት ይጠብቃል አሉ።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ነበር። አዳራሹ ሙሉ ነው። አባ ሎንሴ በድጋሚ ተጠርተዋል፤ እኔ ደግሞ በምስክርነት። ስንት ጊዜ ሰዎችን ወደ ምስክር ሳጥን አስገብቼ ቃለ መሐላውን ከፊታቸው አንብቤያለሁ። አሁን እኔ እጄን አነሣሁ። አስተርጓሚው ቦታ ላይ የቆመው የማላውቀው ወጣት ነበር፤ ጎኔ ድረስ ቀርቦ ቆሞ ነበር፤ ወደ ኋላ ሁን ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ሰብሳቢ ዳኛው ሽማግሌው የተናገሩት ግስ ሁለት ፍቺ እንዳለው አስረጂ አሉኝ። አስረዳሁ። ይህን በጊዜው ታውቂ ነበር ወይ አሉ። አውቅ ነበር አልኩ። ከዚያ ከምባቲሳን የት ተማርሽ አሉኝ።

«ከእናቴ» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዳኛው በዝምታ አስቆሟቸው። በዚያ ሳቅ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችውን ቋንቋ የተሳሳተች አስተርጓሚ ማን ያያል፤ ቢስቁ አይገርምም። እኔ ግን እናቴ እዚያ የተዋረደች መሰለኝ። በቋንቋዋ ላይ ምንም ጉድለት የለም። የጎደለው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ አባ ሎንሴ ቀረቡ። ድንጋዩን የወረወረው ማን እንደሆነ ስም ጠርተው እንዲናገሩ ተጠየቁ። ሁለቱ ልጆች ናቸው አሉ። አመነችስ ምን ታደርግ ነበር ተባሉ።

«እሷማ አንደኛውን በሸሚዙ ይዛ ትጎትት ነበር» አሉ። «ተው፣ ተው እያለች። ሸሚዙ እጇ ላይ ተቀደደ።»

ይህን ለምን በመጀመሪያው ችሎት አልተናገሩም ተባሉ።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ሽማግሌው።

ወጣቱ አስተርጓሚ ይህንንም ተረጎመ። በትክክል ነው የተረጎመው። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ በእናቴ ቋንቋ፣ አንዴ በአማርኛ። እኔ አንዲት ሴት ለማቆም የታገለችውን ነገር አንስቼ በእሷው ላይ ጭኛለሁ።

ፍርዱ ተሻረ፤ አመነች ተለቀቀች። ሰብሳቢ ዳኛው አስተርጓሚዋ ቀርባ እውነቱን በመናገሯ ፍርድ ቤቱ ያመሰግናል አሉ። ጡረታዬ ላይ የተጨበጨበው ከዚያች ዓረፍተ ነገር የተወለደ ነው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ አመነች ከልጇ ጋር ቆማ ነበር። ልጅቱ መራመድ የጀመረችው ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የእናቷን ቀሚስ ይዛ በእግሯ ወጣች።

ቤቷ ስትመለስ የጠበቃት ሌላ ነው። የባሏ ወንድም ከልጆቹ ጋር ሆኖ ለመብላት የደረሰውን እንሰቷን ነቅሎ ፍቆታል፤ ማሳውንም አርሶ የራሱ አድርጎታል። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። የእህቷ ልጆች ተይዘው አልተጠየቁም፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል ተባለ። ይቅርታ ልጠይቃት አንድ ቀን ወደ መንደሯ ሄድኩ። ቤቷን እያየሁ መንገድ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ምን ይዤ፣ ምን ብዬ እገባለሁ ብዬ ተመለስኩ። ይህም ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ጋሽ ኤርጃቦ ከይግባኙ በኋላ እስከ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥተው አንድ ሙሉ ቀን ከታዳሚው ጋር ተቀመጡ። ያን ቀን አንድ ምስክር ላይ ሦስት ጊዜ ጥያቄ አነሣሁ። ዳኛው አልተቆጣም። ሥራውን ልልቀቅ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ አንቺ ብትሄጂ በቦታሽ የሚቆመው ይህን የማያውቅ ሰው ነው አሉኝ። ቆየሁ። ብዙ ዓመት፣ ብዙ ዳኛ። ከእኔ በኋላ የመጡትን አሠለጠንኩ፤ ገበያም ወሰድኳቸው። የአመነችን ጉዳይ ስሟን ሳልጠራ አስተማርኩበት። ሰልጣኞቼ ከዚያ ምን ያህል ታማኝ እንደሆንኩ ተማሩ፤ እኔ ሌላ ነገር እንዲማሩ ነበር የፈለግኩት።

አመነችን ዳግም ያየኋት እዚያው የወረዳው ችሎት ውስጥ ነው። መሬቷን ለማስመለስ ከስሳ መጣች። ዳኛዋ አዲስ የተመደበች ሴት ነበረች፤ ያለፈውን አታውቅም። የአመነች ስም ሲጠራ አስተርጓሚው ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። ዳኛዋ አስተርጓሚ እንዳለ ነግራት፣ በቋንቋዋ መናገር እንደምትችል አስረዳቻት።

አመነች ወደ እኔ ዞራ አላየችም።

«አስተርጓሚ አልፈልግም» አለች፤ በአማርኛ። «ራሴ እናገራለሁ።»

አማርኛውን ማረሚያ ቤት ከየአገሩ ከመጡ እስረኞች ጋር ስትኖር ነው የተማረችው። ሰባራ ነበር። «እኔ እስር ቤት ነበርኩ። እነሱ እንሰት ነቀለች» አለች። ዳኛዋ ግራ ገብቷት እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ማን ነቀለች ብላ ጠየቀቻት። እኔ ሳላስበው ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። ዳኛዋም አየችኝ፤ እንድረዳት የምትጠብቅ ይመስላል።

አመነች እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ቁሚ እንደማለት።

«እነሱ» አለች ለዳኛዋ። «ብዙ ናቸው። የባሌ ወንድም፣ ሁለት ልጆቹ፣ አንድ ጎረቤት። ስማቸውን እነግርሻለሁ።» አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ስትጨርስም «ነቀሉ» አለች፤ ቃሉን ቀስ ብላ፣ ጫፉን ረገጥ አድርጋ።

ዳኛዋ ጻፈች። እኔ ወደ ኋላ ተመልሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉዳዩ ብዙ ቀጠሮ ወሰደ፤ በየቀጠሮው ራሷ ተናገረች፤ በመጨረሻም መሬቷ ተመለሰላት። የተነቀለውን እንሰት ማንም አልመለሰላትም።

ፍርዱ በተነበበ ቀን በሩ ላይ ተገናኘን። ሌላ ሰው አልነበረም፤ የምታልፈው በእኔ አጠገብ ነው። በከምባቲሳ፣ በአገራችን ሴት ለሴት እንደምትለው፣ ሰላም አልኳት። ደህና ነሽ ወይ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው ወይ አልኳት።

ቆመች። ከእስር ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው።

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በአማርኛ። «እርስዎም ደህና ይዋሉ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መናኸሪያው መንገድ ወረደች።